ሊኑክስና ዓይነ ስውራን፦ መሣሪያው አለ፣ ጠባቂው ማን ነው?

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት መጫኛ ፍላሽ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ መምረጫው ገጽ መድረሱን በአጭር የጢጥታ ድምፅ ያሳውቃል። ያኔ «ኤስ»ን ነክቶ ኤንተር መጫን ነው። ከዚያ ወዲያ የይለፍ ቃል መጠየቂያውም፣ የዲስክ አከፋፈሉም በድምፅ ይነበባል፤ ተጭኖ ሲያልቅም ሲስተሙ እየተናገረ ይነሣል። ዓይነ ስውሩ «እስቲ ና እይልኝ» የሚለው ሰው አያስፈልገውም። ሁሉም የሊኑክስ ስርጭት ግን እንዲህ አይደለም።

ትእዛዝ እየተጻፈ ለሚሠራበት ገጽ የብሬይል ማሳያን የሚያገናኘው ቢአርኤልቲቲዋይ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ አለ። ከባዱ በመስኮትና በምስል የሚሠራው ገጽ ነው። እዚያ ዋናው መሣሪያ ኦርካ የተባለው ስክሪን አንባቢ ነው። የጀመረው በሰን ማይክሮሲስተምስ ይሠራ የነበረው ዓይነ ስውሩ ማርክ መልኬሂ ሲሆን፣ በ2006 ኖም ከተባለው የዴስክቶፕ ገጽ ጋር አብሮ መውጣት ጀመረ። ኡቡንቱ ላይ አልት፣ ሱፐርና ኤስ አንድ ላይ ሲጫኑ ይነሣል። ኦርካ ስክሪኑን አያይም፤ ፕሮግራሞቹን «ይህ ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል እንጂ። ፕሮግራመሩ ለአዝራሩ ስም ሳይሰጥ ካለፈ፣ ተጠቃሚው የሚሰማው «አዝራር» የሚል ባዶ ቃል ነው። መላኪያው ይሁን ማጥፊያው፣ ተጭኖ ማየት ነው።

በ2010 ኦራክል ሰንን ገዛና የተደራሽነት ባለሙያዎቹን ቀነሰ። የኦርካ ሥራ ለዓመታት በአብዛኛው በጆንማሪ ዲግስ ትከሻ ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለ መሠረታዊ ነገር በአንድ ሰው ጉልበት መቆሙ፣ በእኔ እይታ፣ ከማንኛውም ቴክኒካዊ ጉድለት ይብሳል።

ይህም መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያወጣው አዲሱ ሥርዓት፣ ዌይላንድ፣ ሲመጣ በግልጽ ታየ። በቀድሞው ኤክስ 11 ማንኛውም ፕሮግራም የሚነካውን ቁልፍ ሁሉ ማዳመጥ ይችል ነበር፤ ለሰላይ ሶፍትዌርም ለኦርካም የተመቸ። ዌይላንድ ለደህንነት ሲል በሩን ሲዘጋ ሌባውንም ባለቤቱንም ውጭ አስቀረ። የፌዶራ ስርጭት ዌይላንድን መደበኛው ያደረገው በ2016 ነው። በኖም ላይ ካፕስ ሎክን ይዞ ኦርካን ማዘዝ በወጉ የተስተካከለው ግን በ2025፣ በኖም 48 ነው። በመሐሉ፣ በ2023፣ የጀርመኑ ሶቨርን ቴክ ፈንድ ለኖም 1 ሚሊዮን ዩሮ ሰጥቶ ከፊሉ ለተደራሽነት ዋለ። ሙያተኛ ደመወዝ ሲከፈለው ሥራው ይፈጥናል፤ ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም።

አማርኛስ? ኦርካ ብዙ ጊዜ የሚናገርበት ነጻው የንግግር ማመንጫ ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛን ከሚያነባቸው ቋንቋዎች መሐል ይቆጥራል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ጽሑፋችንም የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ ሰሚው ከዐውዱ እየገመተ ይከተላል።