ሸክምና የጤና ባለሙያ የሥነ ምግባር ኃላፊነት

በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው የዘንገና ሐይቅ አካባቢ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ደጋ ሁሉ፣ ውኃና እንጨት በአብዛኛው የሚጓጓዘው በሴቶች ጀርባ ነው። ወገቧን ታማ ወደ ጤና ጣቢያ ለመጣች እናት የምንሰጣት ምክር ብዙውን ጊዜ «ከባድ ነገር አትሸከሚ» የሚል ነው። ምክሩ ከሕክምና አንጻር ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ልትፈጽመው የማትችለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ማሰናበት በሙያ ሥነ ምግባር የሚያስጠይቅ ይመስለኛል።

ኤርጎኖሚክስ ሥራው፣ መሣሪያውና ቦታው ለሠራተኛው አካል የሚስማሙበትን መንገድ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ዓለም አቀፉ የኤርጎኖሚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ትርጓሜ የሰውን ደኅንነት ከሥራ ውጤታማነት ጋር አጣምሮ አስቀምጦታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ሠራተኛውን ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ለቤቷ ውኃ የምትቀዳ ሴት ግን አሠሪ የላትም።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በጀርባ የታዘለ ሸክም ተሸካሚዋ ወደፊት እንድታጎነብስ ያስገድዳታል፤ ሸክሙ ከአከርካሪ በራቀ መጠንም በወገብ ጡንቻዎችና ዲስኮች ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ሸክሙ ከመሬት የሚነሣበት ቅጽበት ነው። በዚያን ጊዜ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያይል፣ በወሊድ ምክንያት የዳሌ ወለል ጡንቻዎቿ የላሉባት ሴት ለማሕፀን መውጣት ልትጋለጥ ትችላለች። በዝቅተኛ አልጋ ላይ አጎንብሶ ሲያዋልድ ያደረ ባለሙያ የወገብን ነገር ለመረዳት ሌላ አስረጂ አያሻውም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ሌላ ነው፦ ምንጩ ምን ያህል ይርቃል? በቀን ስንት ጊዜ ትመላለሳለች? የሚያሸክማት ሰው አለ? ሸክሙን ለሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካኖች መክፈል ይቻላል? የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን በሚያከብርበት አገር፣ በቤቱ ያለው የጋማ ከብት ውኃ የማያመላልሰው ለምን እንደሆነ ባልን መጠየቅም ነውር የለበትም። በአራስነት ወራት የሚደረገው ምክክርም ባልንና አማትን ካላካተተ ከንቱ ነው።

ከምንጩ አጠገብ በወገብ ቁመት የሚሠራ የድንጋይ መደብ ጀሪካኑን ከመሬት ማንሣትን ያስቀራል፤ ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ታዝለዋለች። ይህን ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ማሳሰብ፣ የሸክሙንም ዓይነትና ርቀት በሕመምተኛዋ ካርድ ላይ መመዝገብ ከእኛ አቅም በላይ አይደለም።