አራት ጊጋባይት ላይ የሚቆመው ፍላሽ

ጥር ሲገባ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂና ሲኤምሲ ያሉ የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያዎች እረፍት የላቸውም። ተክሊሉ፣ የአዳራሹ ድግስ፣ መልሱና ቅልቅሉ ተቀርጾ ተቀናብሮ ሲያልቅ ሙሽሮቹ ፊልሙን በፍላሽ ይፈልጉታል። 32 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይሰካና 9 ጊጋባይት የሚሆነው ፊልም ኮፒ ሊደረግ ሲል ኮምፒውተሩ «ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ያወጣል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ፍላሹ የተበላሸ ይመስለዋል። ፍላሹ ግን ደህና ነው፤ የከለከለው ፋት 32 ነው።

ፋት 32 የፋይል ሲስተም ዓይነት ነው፤ የትኛው ፋይል ዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠና መጠኑ ስንት እንደሆነ ይመዘግባል። ማይክሮሶፍት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ በመዝገቡ ለአንድ ፋይል መጠን የመደበው ቦታ 32 ቢት ነው። ባለ ስድስት አኃዝ የመኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ከ999,999 በላይ ማሳየት እንደማይችል ሁሉ፣ በ32 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። አንድ ፋይል ከዚህ በአንድ ባይት እንኳ ከበለጠ አይመዘገብም። በዚያ ዘመን የቤት ኮምፒውተር ሙሉ ዲስክ ራሱ ከጥቂት ጊጋባይት አይበልጥም ነበርና ገደቡ ማንንም አላሳሰበም።

ዛሬ በሴኮንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ 4 ጊጋባይት ለመሙላት 11 ደቂቃ ተኩል ያህል ይበቃዋል። ፋት 32 ባለው ካርድ ላይ ሲቀርጹ ብዙ ካሜራዎች ገደቡ ላይ ሲደርሱ ፋይሉን ቆርጠው በአዲስ ፋይል ይቀጥላሉ። አንዱ ቁራጭ ኮፒ ሳይደረግ ካርዱ ከተደመሰሰ፣ የቃል ኪዳኑ አንድ ክፍል ዳግም አይገኝም።

መፍትሔው ኤክስፋት የተባለው የፋይል ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ፣ ከ2009 ጀምሮ ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆኑ ኤስዲ ካርዶች መደበኛ ሆኗል። የፋይል መጠን የሚጽፈው በ64 ቢት ስለሆነ የ4 ጊጋባይቱ ግድግዳ የለበትም። ነገር ግን እንደ ዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስና እንደ ሊኑክሱ ኤክስት 4 ለውጡን አስቀድሞ የሚጽፍበት ማስታወሻ የለውም። ኮፒ እየተደረገ መብራት ቢጠፋ ወይም ፍላሹ በችኮላ ቢነቀል መዝገቡ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «አሁን ማውጣት ይቻላል» እስኪል መጠበቅ ግድ ነው።

ትልልቅ ዲስክ የሚገዙ ስቱዲዮዎች ሌላ ገደብ ይጠብቃቸዋል። ኤምቢአር የተባለው የቆየ የዲስክ ክፍፍል ሥርዓትም በ32 ቢት ስለሚቆጥር፣ 4 ቴራባይት ዲስክ ተገዝቶ 2 ቴራባይት ብቻ ይታያል። ዲስኩን በአዲሱ የጂፒቲ ክፍፍል ማዘጋጀት ይህን ይፈታል።

ፍላሹን ወደ ኤክስፋት ለመቀየር ፎርማት ማድረግ ያለበትን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አይዘንጋ። አስቀድሞ ፋይሎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥና ከፍቶ ማየት፣ ከዚያ ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ይገባል። የቤተሰቡ ቴሌቪዥን አሮጌ ሆኖ ፋት 32 ብቻ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ፊልሙን ከ4 ጊጋባይት ባነሱ ክፍሎች ከፍሎ መስጠት ይሻላል። ባለሙያው ፍላሹን ከማስረከቡ በፊት በምን እንደሚያዩት ቢጠይቅ ቤተሰቡም እሱም ከብዙ ምልልስ ይድናሉ።