ስፖርት ለማሠልጠን የሚወሰድ ብድር፦ ከመፈረም በፊት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቴኳንዶ፣ እግር ኳስ ወይም የሰውነት ማጎልመሻ እያሠለጠኑ መተዳደር ለሚሹ ወጣቶች የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መነሻ ገንዘቡ ከየት ይገኛል?

መንግሥት ካዘጋጃቸው የብድር መንገዶች ስሙ ጎልቶ የሚነሳው የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 995 ሲቋቋም 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለታል፤ ያለመውም ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ነው። ገንዘቡ ግን ከመንግሥት ካዝና ወጥቶ በቀጥታ ወጣቱ እጅ አይገባም፤ በገንዘብ ተቋማት በኩል ያልፋል። በክልላችን ይህን ሥራ ሲሠራ የቆየው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ ነው። ፈንዱ «ተዘዋዋሪ» መባሉ አንዱ የመለሰውን ሌላው ስለሚበደረው ነው። «የመንግሥት ገንዘብ ነው» ተብሎ የሚረሳ ዕዳ አይደለም።

ፈተናው የሚጀምረው ከዋስትናው ላይ ነው። በሬ የሚያደልብ ወጣት ብድሩ ቢከብደው በሬውን ሸጦ ይከፍላል፤ ወፍጮ የተከለም ወፍጮው ዋጋ ያወጣለታል። የአሠልጣኝ ዋና ሀብት ግን ዕውቀቱ ነው፤ ዕውቀት ደግሞ በሐራጅ አይሸጥም። ያገለገለ የቴኳንዶ ምንጣፍ ወይም ክብደት ማንሻ ወገዳ ላይ ገዥ ማግኘቱ ያጠራጥራል። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና እህልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ይህ ለአርሶ አደሩ ሰፊ በር ነው፤ ለአሠልጣኙ ግን መያዣ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሳይሆን የአባቱ ከብት ነው። የቡድን ዋስትናም ቢሆን አንዱ አባል ሳይከፍል ከቀረ ሸክሙን በቀሪዎቹ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ዋስ የሚሆን አባት የልጁን ሥራ እንደ ራሱ ማሳ ዞሮ ሊመለከተው ይገባል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። 30 ሠልጣኞች በወር 300 ብር ቢከፍሉ ገቢው 9 ሺህ ብር ይሆናል። ለቤት ኪራይ 3 ሺህ፣ ለመብራትና ለልዩ ልዩ ወጪ 1 ሺህ፣ ለብድር ክፍያ 4 ሺህ ብር ቢወጣ ለአሠልጣኙ የሚተርፈው 1 ሺህ ብር ብቻ ነው። ይህም መልካም በሆነው ወር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ወደ እርሻ በሚሰማሩበት ክረምት ሠልጣኙ ወደ 10 ቢወርድ፣ የሚገኘው 3 ሺህ ብር ኪራዩን ሸፍኖ ያልቃል። የብድሩ ቀን ግን ሐምሌንም ነሐሴንም አያልፍም። በመሆኑም የክፍያው መርሐ ግብር የአካባቢውን ወቅት እንዲከተል፣ ማለትም እህል ተሰብስቦ ወላጅ እጅ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ወቅት ከፍ፣ በክረምት ዝቅ እንዲል መጠየቅ ተገቢ ነው። ከተፈረመ በኋላ መጠየቅ ግን ልመና ይሆናል።

የስፖርቱ ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል። በጉና ግርጌ ሩጫ ለማሠልጠን ምንጣፍ አያሻም፤ ዳሩ ግን ሜዳው ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ለሩጫ የሚከፍል ማግኘት ይከብዳል። ቴኳንዶ በአንጻሩ ኢትዮጵያ በቶኪዮ 2020 ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረችበት ስፖርት ነው፤ በየደረጃው ቀበቶ ስላለውም ሠልጣኙን ለረጅም ጊዜ ያቆያል። በዚህ ዘጋቢ ግምት ብድሩን ለቤት ግንባታ ከማዋል ይልቅ በትምህርት ቤት አዳራሽ በሰዓት ኪራይ ጀምሮ ለምንጣፍና ለመለማመጃ ዕቃ ብቻ መበደር ይሻላል። ሠልጣኙ ካልበረከተ የሚቀረው ዕዳ ትንሽ ይሆናል።

ወደ ብድሩ ከመሄድ በፊት ከስፖርት ጽሕፈት ቤት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ከንግድ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የንግድ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ሁኔታ መጠየቅ ጊዜ ይቆጥባል። መደራጀትን በተመለከተ የወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ያስተናግዳል። ውል ሲቀርብም ወለዱ ስንት እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከስንት ወር በኋላ እንደሚጀምርና አንድ አባል ቡድኑን ቢለቅ ዕዳው ወደ ማን እንደሚዞር በጽሑፍ መስፈሩን ማየት ያሻል። የውሉ ቅጂ ተበዳሪው ዘንድ ብቻ ሳይሆን ዋስ በሆነው ሰው ቤትም ይቀመጥ።