ቁልፍ የያዘ ሰው ሲሞት

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በመካነ ሰላም፣ በአቅስታ፣ በአጅባርና በዙሪያው ባለው ደጋ ሰው ሲያርፍ ቅሬው ይሰማል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የያዘውን ሥራ ጥሎ ይወጣል። የሟቹ ሥራ ምን ነበር ብሎ የሚመርጥ ለቀስተኛ የለም። ሟቹ የማረሚያ ቤት ፖሊስ ሲሆን ግን ለቅሶው ከሌላው የሚለይበት ነገር አለው። በአንድ በኩል የደንብ ልብስ የለበሱ ባልደረቦች ይቆማሉ። ሟቹ ስሙ የተመሰገነ ከሆነ ደግሞ ከኋላ በኩል፣ ከቤተ ዘመዱ ማንም የማያውቃቸው፣ እሱ ግን በስምና በቁጥር ያውቃቸው የነበሩ ሰዎች ሊገኙ ይችላሉ። እነሱ በአንድ ወቅት ከአጥሩ ውስጥ የነበሩ ናቸው።

ከቀብር በፊት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ በዚህ ዓመት በኮንስታብልነት ተቀጠሩ፤ ከዚያ ሳጅን፣ ከዚያ ኢንስፔክተር ሆኑ፤ በሥራቸው ታታሪና በባልደረቦቻቸው የተወደዱ ነበሩ፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ። ወረቀቱ ይታጠፋል። ሠላሳ ዓመት ሌሊት ዘብ የቆመ ሰው በአንድ ገጽ አለቀ።

ቀሪው ታሪክ የሚወጣው ማታ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ብሎ ቅርብ ሰው ብቻ ሲቀር፣ ንፍሮና ቡና ሲዞር ነው። ባልደረቦች ያን ጊዜ ነው አፋቸው የሚፈታው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ በዚያ ድንኳን «ደግ ነበር» የሚለው ቃል ብዙም ዋጋ የለውም። ስለሞተ ሁሉ ይባላላ! እስር ቤት ውስጥ ደግሞ ደግነት ሊገዛም ይችላል። ገንዘብ ያለው ታራሚ ደግ ዘበኛ አያጣም። የሙያ ሰዎች ሲመሰክሩ ከዚህ ይልቅ ጆሮ መስጠት የሚገባው «እጁ እኩል ነበር» ለሚለው ነው። ባለሀብቱንና ጠያቂ የሌለውን ድሃ በአንድ ዓይን አየ ማለት ነው። በሥራው ውስጥ ላለ ሰው ይህ ከባዱ ፈተና ነው።

ጠያቂን ብቻ እንውሰድ። በዚህ ደጋ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ከተማ መምጣት ለብዙ ሰው ዛሬም የእግር ጉዞ ነው፤ የአባይ ገባሮች የቆራረጡት ገደል አለ፤ ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል። ስንቅ ቋጥራ የመጣች እናት የመጠየቂያ ሰዓት ካለፈ በኋላ በር ላይ ብትደርስ ተረኛው ምን ያድርግ? ደንቡ አልቋል ይላል። እናትየዋ ተመልሳ የምታድርበት የላትም። ማስገባት ካልተቻለ ስንቁን ፈትሾ ማድረስ፣ «ደህና ነው፣ ነገ ጠዋት ቀድመሽ ነይ» ብሎ መንገር፣ የምታድርበትን ማመልከት ይቻላል። ይህ በየትኛውም ፋይል አይመዘገብም። የሚያስታውሱት ያቺ እናትና አብሮት ዘብ የነበረው ባልደረባ ብቻ ናቸው።

ጉዳዩ የደግነት ብቻ አይደለም፤ ሕግም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ መብት ሰጥቶታል። አዲስ አበባ የተጻፈው ይህ አንቀጽ መካነ ሰላም ላይ ሥጋ የሚለብሰው በር ላይ በቆመው ሰው ነው። አመክሮም እንዲሁ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ ታራሚ ጠባዩ ታይቶ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ጠባዩን ቀን ከሌት የሚያየው ማነው? ያው ዘበኛው ነው። በቂም የተጻፈ አንድ መስመር ለአንድ ቤተሰብ ዓመታት ማለት ነው። ባልደረቦቹ «በማንም ላይ በቂም አልጻፈም» ካሉለት ትልቅ ነገር ብለውለታል።

በነገራችን ላይ፣ ይህ የወሎ ምድር ሰውን ለመጠበቅ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ምእመናን የሚጎርፉባት ግሸን በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁባት አምባ ነበረች። ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የመቅደላ አምባም የአፄ ቴዎድሮስ ግዞት ነበር። ወጣቱ ምኒልክ ወደ 10 ዓመት ያህል ከቴዎድሮስ እጅ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከዚያው አምልጠው ወደ ወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ግዛት ገቡ። ወርቂት አሳልፋ አልሰጠቻቸውም። የወርቂት ልጅ ግን መቅደላ ላይ ታስሮ ነበርና የቴዎድሮስ ቁጣ በእሱ ላይ ወረደ፤ ተገደለ። አንዱ ሲያመልጥ ሌላው እስረኛ ዕዳውን ከፈለ። ታራሚን በሌላው ጥፋት መቅጣት ዛሬ የተከለከለ ነው፤ ያም ሆኖ ማንም ታራሚ ባመለጠ ማግስት ማለዳ የሚቆጣጠረው ሰው ቁጣውን እንዴት እንደሚይዝ የሙያው ሁሉ መለኪያ ይመስለኛል።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱም በ1913 ዓ.ም. ተይዘው ፍቼ ላይ በራስ ካሳ ኃይሉ ጥበቃ ሥር ወደ 11 ዓመት ኖረዋል፤ በ1924 ዓ.ም. አምልጠው ተያዙና ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። ያን ያህል ዘመን እስረኛና ጠባቂ አብረው ያረጃሉ። የድሮው ዳኝነት ለዚህ ስም ነበረው፤ ቁራኛ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ፣ ባለዕዳና አበዳሪ ደግሞ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። አንዱ ካልተፈታ ሌላውም አይፈታም። «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የተረፈ ነው።

ቤተሰቡ ይህን ቁራኝነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በዓሉ ሲመጣ አባት ተረኛ ነው። የደጋው ውርጭ ሲጠና እሱ ማማ ላይ ነው። ሥራውን ለልጆቹ አይተርክም፤ የታራሚ ምስጢር የቤት ጨዋታ አይደለምና። ልጆቹም ትምህርት ቤት «የወህኒ ዘበኛ ልጅ» ሊባሉ ይችላሉ። ወህኒ ቤቱ ማረሚያ ቤት ከተባለ ቆይቷል፤ የሰው አፍ ግን ከጣሊያንኛ የወሰደውን ከርቸሌ እንኳ ገና አልጣለም። እንግዲህ ባለቤቱና ልጆቹ የአባታቸውን እውነተኛ የሥራ ታሪክ መጀመሪያ የሚሰሙት በለቅሶው ማታ ሊሆን ይችላል። ደስታና ቁጭት አብሮ ይመጣል፤ በሕይወት እያለ ለምን አልሰማነውም ያሰኛል።

በደቡብ አፍሪካ ክሪስቶ ብራንድ የሚባል ነጭ ዘበኛ በሮበን ደሴት ኔልሰን ማንዴላን ይጠብቅ ነበር። ወዳጅነታቸው ከእስር በኋላም ቀጠለ፤ ብራንድም ታሪኩን መጽሐፍ አድርጎ ጻፈው። የተባበሩት መንግሥታትም በ2015 እ.ኤ.አ. ያሻሻላቸውን የእስረኞች አያያዝ መሠረታዊ ደንቦች በማንዴላ ስም ጠርቷቸዋል። የእኛዎቹ ዘበኞች መጽሐፍ አይጽፉም። ስለዚህ ቢያንስ ያቺ በቀብር ላይ የምትነበበው አንድ ገጽ ስትዘጋጅ ከቤተሰቡ ጋር ሁለት ባልደረቦች ቢቀመጡ ምን አለበት? የታራሚ ስም ሳይነሳ፣ የማንም ጉድ ሳይወጣ፣ በር ላይ እንዴት ይቆም እንደነበር ሦስት መስመር መጨመር ይቻላል።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ደግሞ የባልደረባ ሥራ ገና ይጀምራል። የሟች የትዳር ጓደኛ የጡረታ አበሉን 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛል፤ ይህ ግን በራሱ አይመጣም። የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የሞት ምዝገባ፣ የአገልግሎት ዘመን ማኅደር መሟላት አለበት። ቅጥሩ የተጻፈው በአንድ ስም፣ መታወቂያው በሌላ ፊደል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሐዘንተኛዋ ይህን ሁሉ ይዛ ብቻዋን በየቢሮው እንዳትንከራተት አንድ ወረፋ የሚያውቅ ሰው አብሯት ይሂድ። የደንብ ልብሱንና የተረከበውን ንብረትም ለቅሞ የሚመልስላት ያው ሰው ነው፤ ቤት ከሚገቡትና ዕቃውን ከሚያዩት መካከል የትኛው የመንግሥት፣ የትኛው የሟቹ እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ እሱ ነውና።