ቮልሷን እንሽጣት ወይስ እናቆያት?

የባለቤቴ ቮልስ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ 99,999 ደርሶ ወደ ዜሮ ሲመለስ ሦስት ጊዜ አይተናል። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያመላለሰችን መኪና «እንሽጣት» ስለው ያኮርፋል። እኔ በነርስነት ዘመኔ ታማሚ በዕድሜው ብቻ እንደማይፈረድበት ተምሬአለሁና መካኒክ ጋ ወሰድናት። ሞተሯም ፍሬኗም ደህና ነው። ወለሏ ግን ዝጓል፤ የኋላ ወንበሯም ቀበቶ የለውም። ቦሎ አላት ብሎ መዘናጋት አይገባም። በድንገተኛ ክፍል ቀበቶ ያላሰሩ ሕፃናትን ስለተቀበልኩ በዚህ አልደራደርም። በመጨረሻ ተስማማን፦ አትሸጥም፤ ግን ወለሏ እስኪበየድ ትቆማለች። ቀበቶ የሚይዘው የታሰረበት ብረት ሲጠነክር ነውና ቀበቶው ከብየዳው በኋላ ይገጠማል። እስከዚያ የልጅ ልጆቻችን አይሳፈሩባትም። እናንተም ስለ አሮጌ መኪናችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ወለሉንና የኋላ ወንበሩን እዩ።