ሀርድ ዲስካችሁን የገደለው መብራት ነው ወይስ ፓወር ሰፕላዩ?

በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ሀርድ ዲስክ ቀበርን። ሁለቱም አዲስ ነበሩ። ሁለቱም የሞቱት እኛው ራሳችን ዕቃ እየለቃቀምን በገጣጠምነው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በሁለተኛው ላይ የሁለት ዓመት የቃለ መጠይቅ ድምፅ ነበር፤ ድምፃቸውን ከቀዳናቸው ሰዎች መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ሦስተኛው ዲስክ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ሲጀምር ግን "መብራቱ ነው" እያልን መራገሙን ትተን መፈተሽ ጀመርን። ያገኘነውን እነሆ።

ዲስኩ ምን ዓይነት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል?

በዴስክቶፕ ውስጥ የሚገባው ባለ 3.5 ኢንች ሀርድ ዲስክ ሁለት መስመር ይፈልጋል። 12 ቮልቱ ሞተሩን ያሽከረክራል፣ 5 ቮልቱ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ያንቀሳቅሳል። ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ወደዚህ የሚቀይረው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ዲስኩ ሲሠራ የማንበቢያው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ ከፀጉር እጅግ ባነሰ ክፍተት ይንሳፈፋል። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ጭንቅላቱ ተስፈንጥሮ ወደ ማረፊያው ይሸሻል። ይሄ ለአደጋ ጊዜ የተሠራ ዘዴ ነው እንጂ በቀን አሥር ጊዜ እንዲደጋገም አይደለም። ሲጻፍ የነበረው ፋይልም ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። መብራቱ ጭራሽ ሳይጠፋ 12 ቮልቱ ለቅጽበት ከወረደም ዲስኩ ይኸው ነው የሚደርስበት። ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. መጀመሪያ አጥፉት። ጠቅ ጠቅ የሚል ዲስክን "እስቲ አንዴ ልሞክረው" እያሉ ደጋግሞ ማስነሳት የቀረውንም ያስጨርሳል። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ዲስክ ገዝታችሁ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አትሰኩ። እኛ የተበላነው እዚህ ጋ ነው።

2. ዲስኩን በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ አንብቡት። መጀመሪያ ዳታውን ገልብጡ። ከዚያ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን የጤና መዝገብ እዩ። "ሪአሎኬትድ ሴክተርስ" እና "ፔንዲንግ ሴክተር" የሚሉት ቁጥሮች እየጨመሩ ከሆነ ሳህኑ ተጎድቷል። "ሲአርሲ ኤረር" ብቻ ከጨመረ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዳታ ገመዱ ነው፣ ገመድ መቀየር ይበቃል። "ፓወር ኦፍ ሪትራክት" የሚለው ደግሞ፣ አቆጣጠሩ ከአምራች አምራች ቢለያይም፣ ኮምፒውተሩን ሳታጠፉት የሚጨምር ከሆነ ዲስኩ በሥራ ላይ እያለ ኃይል እየተቋረጠበት ነው።

3. ገመዶቹን ተመልከቱ። ከሞሌክስ ወደ ሳታ የሚቀይሩ ርካሽ ገመዶች፣ በተለይ ጫፋቸው ባንድ ላይ በፕላስቲክ የተቀለጠው ዓይነት፣ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ጫፉ የጠቆረ ወይም የላላ ካለ ጣሉት። ሌላ ትልቅ ጥንቃቄ አለ፦ ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ የሌላ ብራንድ ገመድ አትሰኩበት። ጫፉ ልክክ ብሎ ቢገባም አሰላለፉ ሊለያይ ይችላል። 12 ቮልት በ5 ቮልቱ መንገድ ከገባ ዲስኩ በዚያው ቅጽበት ያበቃለታል።

4. ለኩ። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ ትርፍ ሞሌክስ ላይ ካለው ጥቁር ገመድ፣ ቀዩን ከቢጫው ጋር አገናኙ፤ 12 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ቀዩ ገመድ ላይ 5 ቮልት ይሆናል። ሁለቱ ጫፎች እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ። የሚፈቀደው መዋዠቅ 5 በመቶ ነው፤ ይኸውም 12ቱ ከ11.4 እስከ 12.6፣ 5ቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈቶ ሲለካ ሁሉም ጨዋ ነው። ቪዲዮ እያወጣ ወይም ጌም እያሄደ ለኩት።

የኛ ሥራ ፈቶ 12.1 አሳየን። ቪዲዮ ማውጣት ሲጀምር 11.1 ወረደ። ወንጀለኛው ተያዘ!

5. የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ አንብቡ። በትልቁ የተጻፈውን ዋት ሳይሆን በ12 ቮልት ስር ያለውን አምፒር እዩና በ12 አባዙት። የኛው ላይ "500 ዋት" ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። በ12 ቮልት ስር ግን 14 አምፒር ይላል፤ ሲባዛ 168 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም፣ ግራፊክስ ካርዱም፣ የዲስኩ ሞተርም የሚበሉት ከዚሁ ነው። አንድ ዲስክ ብቻውን ሲነሳ እስከ 2 አምፒር ይጎትታል።

ሳጥኑን ግን እንዳትከፍቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የተጠራቀመ አደገኛ ኤሌክትሪክ አለ።

6. ወደ ግድግዳው ዙሩ። መብራት ኃይልን ነፃ አላወጣነውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ሲጠፋ ንቀሉ፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። አምፖሎቻችሁ አንዳንዱ ከልክ በላይ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ ምናልባት የኒውትራል መስመሩ ላልቷል። በዚያን ጊዜ ቤት የሚገባው 220 ሳይሆን እስከ 380 ቮልት ሊጠጋ ስለሚችል ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ። ሶኬቱ ኧርዝ እንዳለውም አስፈትሹ።

ቀይ መብራት ያለው ዲቫይደር መከላከያ አይደለም፣ ማከፋፈያ ነው። ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ያስተካክላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ የሚሰጣችሁ ዩፒኤስ ነው፤ እሱም ባትሪው ካላረጀ።

ዲስኩ አንዴ ከሞተስ?

ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን አትነካኩትም። ዲስኩ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳም ካለ፣ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣ ራሱን የሚሰዋው መከላከያ ዳዮድ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ዳታው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ሰሌዳ ፈትቶ መግጠም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። የዚያን ዲስክ ብቻ መረጃ የያዘች ትንሽ ቺፕ ከሰሌዳው ጋር መዛወር አለባት፤ ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው።

እኛ ፓወር ሰፕላዩን ቀየርን። ሦስተኛው ዲስክ ጠቅ ማለቱን አቆመ፣ ያለውንም ገለበጥን። የሁለተኛው ዲስክ ድምፆች ግን አልተመለሱም። አሁን ሁሉም ነገር ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ አንደኛው ቅጂ ከምንም ነገር ጋር ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ያልተሰካ ዲስክ መብራትም ፓወር ሰፕላይም አያገኘውም።

ኮምፒውተር ገጣጥሞ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ዛሬ ማታ ቅጂ ቢያደርግ ይሻለዋል።