በነፃ የሚሰጥ ሽቶ፦ ከይፋግ ገበያ እስከ ስልክ መስኮት



ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ወረታ ሄጄ ሳለሁ የእህቴ ልጅ ስልኳን አቀበለችኝ። አንድ የታወቀ የአበባ ሽቶ በዕጣ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ ነበር፦ ገጹን ተከተሉ፣ መልእክቱን አጋሩ፣ የሦስት ወዳጆቻችሁን ስም ከሥሩ ጻፉ። ከጻፈቻቸው ሦስት ስሞች አንዱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። በዕድሜዬ ሽቶ ገዝቼ የማላውቅ ሰው ነኝ።

የዛሬው ጥያቄዬ ነጋዴው ሽቶውን ስለ ምን በነፃ ይሰጣል የሚል ነው። መልሱ ከሽቶ ጠባይ ይነሣል። ቀሚስ በፎቶ ይታያል፤ መዓዛ ግን በስልክ መስኮት አያልፍም። በተቀመጥንበት ቤት ቄጠማ ተጎዝጉዞ እጣን ይጤስ ነበር፤ ያን ለማወቅ እዚያው መገኘት ያስፈልጋል። ሽቶ በስልክ የሚሸጥ ሰው የሚያሳየው ጠርሙሱንና ስሙን ብቻ ስለሆነ፣ የማሽተትን ቦታ የሚተካለት የወዳጅ ምስክርነት ነው። በአንዲት ጠርሙስ የሚገዛውም ይህንኑ ነው።

የፎገራ ሜዳ ለሽቶ ንግድ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከእናርያ የሚነሣው ዝባድ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ሲጓዝ፣ ከወረታ በስተ ሰሜን የምትገኘው ይፋግ ከነጋዴዎቹ ማረፊያዎች አንዷ ነበረች። ዝባድ ከጥርኝ የሚወሰድ ቅባት ነው፤ በከብት ቀንድ ተሞልቶ ይጓዛል። ቅቤ ስለሚደባለቅበት ገዢው ማሽተትና መመርመር ግድ ነበረበት።

የዚህ ቅባት ድርሻ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። የአበባ ዘይት ብዙው መዓዛው ፈጥኖ ይበናል፤ ዝባድ ሲጨመርበት ግን ቆዳ ላይ ይቆያል፣ ሙቀትም ያገኛል። ኤርነስት ቦ ያቀናበረውና እ.ኤ.አ. በ1921 ለገበያ የቀረበው ሻኔል ቁጥር 5 ከጃስሚኑና ከጽጌረዳው ጋር ዝባድ ነበረበት። ሊዮፖልድ ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን ዋና መዓዛ ሰጪ ውሕድ፣ የሲቬቶንን አወቃቀር ገለጠ፤ በ1939ም የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ ታላላቆቹ ሽቶ ሠሪዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት በቤተ ሙከራ የሚሠራውን ነው። በማስታወቂያ ግን ያኔም የሚወሳው አበባው እንጂ ጥርኙ አልነበረም።

በዕጣውም የሚወሳው ስጦታው ብቻ ነው፤ አበባውን አጽንቶ የሚይዘው የሰው ስም አይነገርም። ፌስቡክ ራሱ በደንቡ፣ ባለ ገጾች የሰዎችን የግል ገጽና ወዳጅነት ለእንዲህ ያለ ዕጣ ማካሄጃ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ ደንቡ ግን በየቀኑ ሲጣስ እናያለን። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የአንድን ሰው መረጃ ለመጠቀም የባለቤቱን ፈቃድ ዋነኛ መሠረት ያደርጋል። የእህቴ ልጅ ለራሷ ፈቅዳለች። ስለ እኔ የፈቀደው ማን ነው? ከዚህ የባሰም አለ፦ «ዕጣ ወጥቶልሻል፤ የማድረሻውን ገንዘብ አስቀድመሽ ላኪ» የሚል አታላይ የሚነሣው ከሥር ከተጻፉት ከእነዚሁ ስሞች ነው። ስሙ ለሁሉ ተዘርግቷልና።

ይህን ሁሉ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አስረዳኋት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ስምዎን ላጥፋው?» አለችኝ። አጥፊው አልኳት። ወደ ባሕር ዳር ስመለስ በስልኬ ላይ የሽቶ ማስታወቂያ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።